ስም የማይጻፍበት መዝገብ

ኦቦ ደቻሳ መሞታቸውን የሰማሁት በቴሌግራም ነው። «የድሮ ባልደረቦች» የሚል ግሩፕ አለን፤ ዓመቱን ሙሉ የበዓል ካርድና የሥራ ማስታወቂያ ከመለጠፍ በቀር ማንም ትንፍሽ የማይልበት። ያን ቀን ጠዋት አንዱ ፎቷቸውን ለጠፈና ቀብራቸው ስምንት ሰዓት ላይ ቡራዩ እንደሚፈጸም ጻፈ። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይግተለተል ጀመር። አንዱ «ትልቅ ሰው አጣን» አለ። ሌላው «አሠራር ማለት ምን እንደሆነ ያስተማሩን አባት» ብሎ ሁለት ሻማ ጨመረበት። እኔም «ነፍስ ይማር» ብዬ ላኩ።

ከላኩ በኋላ የጻፉትን ሰዎች ስም ከላይ እስከ ታች አየሁት። እኚህ ሰው ስምንት ወር ታስረው ሲከርሙ አንድ ቀን እንኳ ስንቅ ይዞ የሄደ ከመካከላችን የለም። እኔም አልሄድኩም። እኔማ በምን ዓይኔ እሄዳለሁ!

ድርጅታችን ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮና ሚስማር ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ባለ ፎቅ ላይ የተከራየች ትንሽ የሶፍትዌር ቤት ነበረች። ፕሮግራመሮቹ ሰባት ነበርን፤ አብዛኞቻችን የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ እዚያ የጣለን። ዋናው ሥራችን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ቅርንጫፍ ላላቸው የአንድ ባለቤት ክሊኒኮች የሠራነው ፕሮግራም ነበር። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ስሙ፣ ስልኩ፣ የሚወስደው መድኃኒትና መጠኑ እዚያ ውስጥ ይመዘገባል። ሰበታ የጀመረ በሽተኛ ሱሉልታ ቢሄድ ነርሷ ስሙን ጽፋ ታገኘዋለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እኛ ግን እንደ ሐሳቡ አልነበርንም። ዓርብ ወደ ማምሻው አዲሱን ሥራ ክሊኒኮቹ ላይ ጭነን እንበተናለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ነርሶቹ ይጮሃሉ፤ ሰኞ «ማን ነካው?» እየተባባልን ስንካሰስ ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ሥራ አስኪያጃችን ፍሬው ይህ ሲሰለቸው ኦቦ ደቻሳን ከጡረታ አስነሥቶ አመጣቸው። እኚህ ሰው ካርድ እየተበሳ ኮምፒዩተር ከሚመገብበት ዘመን ጀምሮ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል ውስጥ ያረጁ ናቸው። አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ያንኑ ግራጫ ኮትና ያንኑ ክራባት የሚያደርጉ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። የቡራዩን ጭቃ አቋርጠው፣ ዊንጌትና ጦር ኃይሎች ታክሲ ቀያይረው ሲመጡ ጫማቸው እንዴት እንደሚያበራ ሲገርመን ቆይቶ፣ አንድ ቀን ደረጃው ሥር ጨርቅ ከፌስታል አውጥተው ሲወለውሉ ደረስንባቸው። «መዝገብ ያለበት ቤት በጭቃ እግር አልገባም» አሉ፤ ቀልድ ይሁን የምር አልገባንም።

መዝገቡን ያመጡት በመጀመሪያው ቀን ነው። የቀበሌ ጸሐፊ የሚይዘው ዓይነት፣ ልባሱ ደረቅ፣ ትልቅ ደብተር። በማስመሪያ አራት ዓምድ አስምረውበታል፦ ምን ሆነ፣ በየት ገባ፣ እንዴት ይዘጋ፣ ሁለተኛ ዓይን። ሁለተኛ ዓይን ማለት ሌላ ሰው አይቶ የሚፈርምበት ነው።

«ማን እንዳደረገው የሚጻፈውስ የት ነው?» አልኳቸው።

«እሱ ዓምድ የለውም።»

«ለምን?»

«ስም ከጻፍኩ ነገ ሁላችሁም መደበቅ ትጀምራላችሁ። ከደበቃችሁ ደግሞ እኔ ምን አይቼ ምን አስተካክላለሁ?»

ሳቅን። ዩኒቨርሲቲ የተማርን ልጆች ነን፤ ስለ ሥራ ሂደት ማሻሻል እንግሊዝኛውን እስከ ነጥቡ እናውቀዋለን። አንድ ጡረተኛ በማስመሪያ ሊያሻሽለን መምጣቱ አስቂኝ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ሳቃችን ቆመ። ዓርብ መጫን ከለከሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ። የአንዱን ሥራ ሌላው ሳያነበው ከቢሮ አይወጣም አሉ። ጠዋት ጠዋት ከሻይ በፊት ሁላችንም ቆመን «ትናንት ምን ተማርን?» ይሉናል። ቅዳሜ የሚጮኸው ስልክ መጮህ አቆመ።

እኔን ራሴን ያዳኑኝ በዚያ ሰሞን ነው። የመድኃኒት መጠን በሚያሳየው ገጽ ላይ አንድ መስመር ቸኩዬ ስነካ ግማሽ ኪኒን የሚለው ሁሉ አንድ ኪኒን እየሆነ ይታይ ጀመር። እንዲያነበው የተመደበውም ልጅ ሳያነብ ፈርሞልኝ ነበር። የደረሰችበት የሱሉልታዋ ነርስ ሲስተር አስካለ ናት፤ የበሽተኞቿን መጠን በቃሏ ስለምታውቅ። ፍሬው ከቢሮው ወጥቶ «ማነው ይሄን የሠራው? ዛሬውኑ ነው የማባርረው!» ሲል አንገቴን ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ደፋሁ።

ኦቦ ደቻሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ስህተት ሲሰሙ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት፤ በክራባታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ወለወሉትና መልሰው አደረጉት።

«ቆይ እስቲ፣ በየት ገባ?» አሉ።

«እኔ እኮ ማን ነው ያልኩት!» አለ ፍሬው።

«ሰምቻለሁ። ሰውየውን ብታባርረው ቀዳዳው እዚሁ ነው የሚቀረው። በየት ገባ?»

ፍሬው እያጉረመረመ ገባ። እሳቸው መዝገቡን ገልጠው ጻፉ፤ ሳያነቡ መፈረም እንዴት እንደሚዘጋ ጻፉ፤ ሁለተኛ ዓይን የሚለው ላይ እንድፈርም ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ። ማን እንዳደረገው ያውቃሉ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አባቴ ነበር የማያቸው፤ ይህን ዛሬ መጻፍ ያሳፍረኛል።

ሌላው ልማዳቸው ዲስኳ ነች። ዓርብ ዓርብ የክሊኒኮቹን መረጃ ሁሉ ቢሮአችን ካለው ሰርቨር ላይ በትንሽ ዲስክ ይገለብጡና በመሐረብ ጠቅልለው በውስጥ ኪሳቸው ይዘው ቡራዩ ይሄዳሉ። ሰኞ ይመልሷታል። «ቤት ቢቃጠል ሌላ ቤት ይኑር» ይላሉ። እኛ ዲስኳን «ታቦቷ» እንላት ነበር። «ታቦቷ ወጣች» እንላለን ዓርብ ሲደርስ። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ኮታቸውን ቆልፈው ይወጣሉ።

አንድ ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በኃይል መጣና ሰርቨሩን አነደደው። የዲስኳ ቅጂ ያለፈው ዓርብ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ ጠፋ። የሰበታ ነርሶች በሽተኞቹን አንድ በአንድ እያፈላለጉ እንደገና መዘገቡ፤ ያልተገኘም ነበር። ኦቦ ደቻሳ መነጽራቸውን ወለወሉና በራሳቸው እጅ መዝገቡ ላይ ጻፉ፦ «ቅጂው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ።» በራሳቸውም ላይ ሲሆን አላዳሉም።

ያኔ ነው እኔ ክላውድን ያመጣሁት። የአሠራር ማሻሻያ ኃላፊ ተብዬ ነበር፤ ወረቀትም ሥልጠናም ጠግቤያለሁ። መረጃው ውጭ አገር ባለ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ ክሊኒኮቹ በኢንተርኔት ይከፍቱታል፤ በየደቂቃው ይገለበጣል፤ እኛም ቤታችን ሆነን እንሠራለን። ጉዳቱን ከማውራት ጥቅሙን ማውራት ይቀለኝ ነበር፤ ጥቅሙ ደግሞ እውነት ነው። ኦቦ ደቻሳ ይቃወማሉ ብዬ ጦሬን ስዬ ነበር ስብሰባ የገባሁት።

«በየደቂቃው ከገለበጠ እኔን ይበልጠኛል» አሉ። «ይግባ። አንድ ነገር ብቻ። ዕቃህን የሰው ቤት ስታስቀምጥ፣ በሩ የተዘጋ ቀን ምን እንደምታደርግ ቀድመህ ጻፍ። አንድ ቅጂ እዚህ እጃችን ላይ ይኑር።»

«ኦቦ ደቻሳ፣ ዲስክ ታክሲ ላይ ቢረሳስ? የስንቱ በሽተኛ ምስጢር ነው!»

አሰቡት። «ይሄም እውነት ነው» አሉ። «ይቆለፍ እንግዲህ፣ በምስጢር ቁጥር።»

እኔ ግን ማሸነፍ ጥሞኝ ነበር። የአሠራር ብቃት የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ገምጋሚዎች በቀጣዩ ወር ሊመጡብን ነው፤ ፍሬው ወረቀቷን ግድግዳው ላይ ካላየ እንቅልፍ የለውም፤ ገምጋሚ ደግሞ ጠንከር ያለ መመሪያ ይወዳል። ጻፍኩት፦ ማንኛውም ሠራተኛ የደንበኛ መረጃ በማናቸውም ዕቃ ይዞ ከቢሮ እንዳይወጣ። በሩ የተዘጋ ቀን ምን እንደሚደረግ የሚል መስመር የለበትም። መዝገባቸውንም አስቀረሁት። በምትኩ እያንዳንዱ ስህተት ከሠራው ሰው ስም ጋር የሚመዘገብበት በኢንተርኔት የሚሠራ ነገር አስገባሁ፤ ስሙ በቀይ ይወጣል። ኦቦ ደቻሳ መዝገቡን በፌስታል አድርገው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ልጆቹም ስህተት መደበቅ ጀመሩ፤ ቀዩ ስም ሲቀንስ እኔ አሠራራችን ተሻሻለ ብዬ ለፍሬው ሪፖርት አቀረብኩ።

የማስተር ፕላኑ ነገር ያን ጊዜ ጦፎ ነበር። አዲስ አበባ ወደ እነዚህ ከተሞች ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው ሊነሳ ነው ተብሎ ወጣቱ አደባባይ የሚወጣበት ጊዜ። መንገድ ይዘጋል፤ ጎማ ይቃጠላል፤ ተኩስ ይሰማል፤ ማን እንደሞተ የሚነገረው በሹክሹክታ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ጠፍቶ በእግሬ ወደ ቤቴ ልሄድ ስወጣ ኦቦ ደቻሳ «ብቻህን አትሄድም» ብለው ተከተሉኝ። መታጠፊያው ላይ ድንጋይ የያዙ ልጆች መንገዱን ዘግተዋል። አንደኛው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ በፍርሃት እሱም ጠፋኝ። ልጁ ጠጋ አለ።

ኦቦ ደቻሳ እጄን ጨበጡት። «ነጋ?» ብለው ልጁን በኦሮምኛ ሰላም አሉት፣ ሰፈራቸው ያገኙት ያህል ረጋ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ እያመለከቱ «ኢልማ ኮቲ» አሉት። ልጄ ነው ማለታቸው ነው። ልጁ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ምናችንም አይመሳሰልም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸውና አሳለፈን። ደጄ እስኪደርሱ እጄን አልለቀቁም፤ መዳፋቸው ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። ከዚያ ወደ ቡራዩ በምን እንደተመለሱ አልጠየቅኳቸውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢንተርኔት ተቋረጠ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። መረጃው ውጭ አገር ደህና ተቀምጧል፤ አንዲት መስመር አልጎደለችም። ብቻ ማንም ሊያየው አይችልም። ድሮ የሚመዘግቡበትን የወረቀት ካርድ ደግሞ «አያስፈልግም» ብለን ክሊኒኮቹን ያስጣልናቸው እኛው ነን። በሦስተኛው ቀን ሲስተር አስካለ በመደበኛው ስልክ ደወለች።

«ዮናስ፣ እዚህ ሦስት የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቁጭ ብለውብኛል። አዲሶች ናቸው፣ መጠናቸውን በቃሌ አላውቀውም። ምንድን ነው የምትወስዱት ስላቸው ‹ነጯን› ይሉኛል። ሁሉም ነጭ ነው እኮ!»

«ትንሽ ታገሺ ሲስተር፣ ዛሬ ነገ ይመለሳል።»

«በሽታው ይታገሳል ወይ? አንተ ናልኝና ንገራቸው!»

ኦቦ ደቻሳ ከኋላዬ መጥተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ስማቸውን ንገሪኝ ልጄ» አሏት። ኮምፒዩተራቸው ላይ እያዩ ሦስቱንም አነበቡላት፤ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ የማይስማማቸውን። ስልኩን ሲዘጉ አፌን ከፍቼ ነው የማያቸው። መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው መሐረብ የተጠቀለለችውን ዲስክ አሳዩኝ። ኢንተርኔቱ እስከ ጠፋበት ቀን ድረስ በየቀኑ ሲገለብጡ ነበር።

«መመሪያው እኮ…» አልኩ።

«አውቀዋለሁ። ከቢሮ አላወጣኋትም፤ መመሪያህን አልጣስኩም። አሁን ግን ልትወጣ ነው። ነገ ሱሉልታ የቀጠሮ ቀን ነው፣ ግቢው ይሞላል፤ ስልኩም እየተቆራረጠ ነው፤ ሁሉንም አንብቤላት አልችልም። ሰበታን በእግሬም እደርሳለሁ፤ ቡራዩ ሰፈሬ ነው። የሱሉልታው መንገድ ላይ ግን ፍተሻ አለ። ማኅተም ያለባት አንዲት ደብዳቤ ጻፍልኝ። ዲስኳ የድርጅቱ ናት፣ በሥራ ነው የሚሄደው የምትል።»

አንዲት ደብዳቤ። ሁለት መስመር። ማኅተሙ ያለው እኔ ጋ ነው። ገምጋሚዎቹ ሊመጡ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል፤ ያቺ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ከገባች የራሴን መመሪያ በራሴ ፊርማ ሻርኩት ማለት ነው፤ ፍሬውስ ምን ይለኛል? ይህን ነበር የማስበው። ሌላ ነገር አሰብኩ ብል ውሸት ነው።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ይሂዱ» አልኳቸው። «ደብዳቤው ግን ይቅርብኝ። እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ሊወለውሉት ክራባታቸውን ያዙና ተዉት። «እሺ» አሉ። ዲስኳን በውስጥ ኪሳቸው ከተቱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ወጡ።

ሰበታም ቡራዩም አደረሱ። በማግስቱ ማለዳ ሱሉልታ ገቡ፤ ሲስተር አስካለ ገለበጠችው፤ የቀጠሮው ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ወስዶ ሄደ። የተያዙት ሲመለሱ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ፍሬው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የግምገማውን ፋይል እያገላበጠ ነበር። አነሳሁ።

«ደቻሳ የሚባል ሠራተኛ አላችሁ?» አለ ድምፁ።

«አለን።»

«የተቆለፈ ዲስክ ይዟል። ክፈት ስንለው የበሽተኛ ምስጢር ነው፣ መሥሪያ ቤቴ ይፍቀድልኝና እከፍታለሁ ይላል። ዮናስ የሚባለውን ጠይቁ አለን። እናንተ ናችሁ የሰጣችሁት?»

በእጄ ስልኩን ሸፍኜ ለፍሬው ነገርኩት። ፍሬው ጭንቅላቱን በኃይል ነቀነቀ፤ «እኛን እንዳታስገባን» አለ በሹክሹክታ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ እንጂ አፌን አልያዘውም።

«መመሪያችን መረጃ ይዞ መውጣት አይፈቅድም» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅሁህም። ታውቃላችሁ ወይስ አታውቁም?»

«አናውቅም።»

ስልኩ ተዘጋ። ያቺን ቃል ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እሱ ነው ዛሬም የሚገርመኝ። በማግስቱ የመመሪያውን ቅጂ ላኩልን ሲሉ ማኅተም መትቼ ላኩላቸው። ለደብዳቤው የከበደኝ ማኅተም ያን ቀን አልከበደኝም። ዲስኳን በራሳቸው መንገድ ሲያስከፍቱ ያገኙት ምን ይሆን? የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች ስም ከነስልክ ቁጥራቸው፣ ገጽ ሙሉ። በዚያ ጊዜ፣ በእነዚያ ከተሞች፣ ድርጅቱ አላውቀውም ያለው አንድ ኦሮሞ ሽማግሌ ኪስ ውስጥ። ሲስተር አስካለ «የክሊኒካችን ነው!» ብላ እስከ እስር ቤቱ ሄዳ ነበር። «ድርጅታቸው ክዷቸዋል፣ አንቺ ማነሽ?» ብለው መለሷት።

የስንብት ደብዳቤያቸውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፦ «ያለ ፈቃድ የደንበኛ መረጃ ይዘው በመውጣትዎ…» ገምጋሚዎቹ መጡ። ከመካከላቸው አንዷ ፋይሉን ስታገላብጥ እዚያ ደብዳቤ ላይ ቆመች። ብዙ ድርጅት መመሪያ ይጽፋል እንጂ አያስከብርም፤ እናንተ ማስረጃ አላችሁ ብላ አመሰገነችን። ምስክር ወረቀቷ ተሰጠችን። ፍሬው ኬክ አስቆረሰ። እኔም በላሁ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ክላውዱ ሁሉንም እንደነበረ አስረከበን። ዛሬም የምሠራው በክላውድ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፤ በእሱ ላይ ማላከክ አልፈልግም።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ክስም ፍርድም ሳይኖር፣ ኦቦ ደቻሳ ተለቀቁ። አንድ ቀን ቢሮ መጡ። ሳል ይዟቸዋል፤ ኮቱ እላያቸው ላይ ሰፍቷል፤ ክራባት የለም። ጫማቸው ግን ተወልውሏል። ከልጆቹ ገሚሱ ዓይናቸውን ኮምፒዩተሩ ላይ ተከሉ፤ ገሚሱ ሽንት ቤት ገቡ። የመጡት የቢሮውን ቁልፍ ሊመልሱ ነበር።

«ያን ቀን የሱሉልታው ሥራ ሄደ?» አሉኝ።

«ሄደ። ሁሉም መድኃኒቱን ወስዷል።»

«ገለቶሚ» አሉ። ለምን እንዳመሰገኑኝ አላውቅም። ምስጋናው ከስድብ በላይ ሆኖብኝ «ኦቦ ደቻሳ፣ ያን ቀን ስልኩን…» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «በየት እንደገባ አግኝቼዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ቡራዩ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሑፍ ቤት ከፍተው ማመልከቻ ይተይቡ ነበር አሉ። አንድ ጊዜ በታክሲ ሳልፍ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። አልወረድኩም።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ተቀመጥኩ። ሲስተር አስካለ አየችኝና ፊቷን መለሰች። ስወጣ ልጃቸው ሌንሳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። የእሳቸውን ዓይን የወረሰች፣ ጥቁር የለበሰች ሴት።

«አንተ ዮናስ ነህ? አባዬ ስላንተ ያወራ ነበር። ቆየኝ» አለችና ገብታ መዝገቡን ይዛ መጣች። «‹የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለተኛ ዓይን ይቀረዋል፣ ዮናስ ሲመጣ ይፈርምበት› ብሎኝ ነበር። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

ገለጥኩት። ጽሑፉ እስር ቤቱ ካዳከመው እጅ የወጣ ነው፤ መስመሩን ግን አልሳተም።

ምን ሆነ፦ ዲስክ ይዞ የወጣ ሠራተኛ ፍተሻ ላይ ተያዘ። በየት ገባ፦ መመሪያው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ አይናገርም፤ መረጃ ለሚያደርስ ሰው የሚሰጥ ደብዳቤ የለም። እንዴት ይዘጋ፦ መመሪያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ደብዳቤ አስቀድሞ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ይኸው ነው። ስለ ስልኩ የለም። ስለ ማኅተሙ የለም።

«አባዬን ስንት ጊዜ ለመንኩት» አለች ሌንሳ። «ስልኩን አንስቶ አናውቀውም ያለው ማነው ስለው ‹እሱ ዓምድ የለውም› ይለኛል። ይሄ ምን ማለት ነው? አንተ እዚያ ነበርክ። ማን እንደሆነ አታውቅም?»

ብዕር ሰጠችኝ። ሁለተኛ ዓይን ከሚለው ሥር ፈረምኩ፤ እንደ ተመልካች። «አላውቅም» አልኳት። ለሁለተኛ ጊዜ። ደህና ዋዪ ብያት በታክሲ ሄድኩ።

ሌንሳ፣ አባትሽ ስም አይጻፍም ያሉት ሰው እንዳይደበቅ ብለው ነበር። እኔ ግን እዚያው ውስጥ ተደበቅኩ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ማንነቴን ለማያውቅ ሰው «ልጄ ነው» ብለውኝ ነበር።